የቀይዋ ላንቻ ማርሽ

ሰኔ 16 ቀን 1955፣ እሁድ

ዛሬ ከጠዋት እስከ ማታ ከአፌ የወጣው ሦስት ቃል ብቻ ነው። ሱቅ ሄጄ «ሻማ አለ?» አልኩ። ባለሱቁ ሰቦቃ ሻማውን ሰጠኝ፤ «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ሲመሽ ቆጠርኩት። እሁድ የምሠራበት ጋራዥ ዝግ ስለሆነ የማሾፍበት ሰው የለም።

ከግድግዳ ጋር ከማወራ ብዬ ይቺን ደብተር ከሣጥን አወጣኋት። የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተሬ ናት። የታቀፈች ዶሮ ከነእንቁላሏ ዳይሬክተሩ ወንበር ላይ አስቀምጬ ዓመቱ ሳያልቅ ስለተባረርኩ ግማሿ ባዶ ነው። ዶሮዋ ጥፋት አልነበረባትም፤ እሷንም አባረሯት።

እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ወንድሜ ቱሉ ከጦሩ ጋር ኮንጎ ነው፤ ከጻፈልኝ አራት ወር አለፈ። የምኖርበት ቤት ከየካ ሚካኤል በላይ ባሕር ዛፉ ሥር ነው። ዝናብ ሲጥል ከዛፉ ላይ የሚወርደው ፍሬ ቆርቆሮውን ይመታል፤ በር የሚያንኳኳ ሰው ይመስላል። ዛሬ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ከፍቻለሁ። ይህንን የጋራዡ ባልደረባዬ ዘነበ ቢሰማ ዓመት ሙሉ ይስቅብኛል።

ነገ ሰኞ ነው፤ ተመስገን።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

ጋራዣችን ሙሽራ ገባች። ቀይ ላንቻ፣ የጣሊያን መኪና፣ ባለ ሁለት በር፣ ጀርባዋ ቁልቁል የሚንሸራተት። አሥር ዓመቷ ነው አሉ፤ አንድ ጭረት የለባትም። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ያለብኝ ጭረት አይቆጠርም።

ባለቤቷ አቶ ዓምደ ሚካኤል የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሰው ነው። (ፊቱ ስቆም «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ይህ ግን የራሴ ደብተር ነው።) አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን ላይ ነው የገዛት። ያልወደደላት አንድ ነገር ብቻ ነው። ማርሿ መሪው ሥር ነው። የሽቅድድም መኪና ማርሽ ወለል ላይ ነው የሚሆነው፣ መሪ ሥር እየጎረጎርኩ መንዳት ሰልችቶኛል አለ። ስለዚህ ከቶሪኖ በሣጥን ሌላ ማርሽ አስመጣ። አንድ ረጅም ዘንግ፣ ሁለት አጫጭር ብረቶች፣ አንድ የነሐስ ቀለበት፣ አንድ ወረቀት።

ቀጠሮው እስከ አዲስ ዓመት ነው። መስከረም አንድ ቀን እናቱን ወይዘሮ የማርያምወርቅን ለራጉኤል ንግሥ እንጦጦ ይዟቸው ሊወጣ ነው። ስለት አለባቸው።

ጋሽ በዳዳ ሣጥኑን ከፍተው ብረቶቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው አሿቸው። ጋራዡ የሳቸው ነው። ሥራውን የተማሩት በጣሊያን ጊዜ ነው። ብሎን ሲያነሡ አያዩትም፤ አሸት ያደርጉና «አሥራ ሦስት» ይላሉ፣ አሥራ ሦስት ይሆናል። እኔንና ዘነበንም ዓይናችንን አስጨፍነው የብሎን ዳዶ ያስለቅሙናል። እጅህን አስተምር ይሉኛል። «ጉርባ» ነው የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ «ልጁ» ማለት ነው። ዲንሳ ብለው ከጠሩኝ ተቆጥተዋል ማለት ነው።

ሰኔ 21፣ ዓርብ

ዲንሳ ተባልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሣጥኑ የወጣው ወረቀት በጣሊያንኛ ነው። ጋሽ በዳዳ የጋራዥ ጣሊያንኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። ዘነበ የሚያነበው አማርኛ ብቻ ነው። የፈረንጅ ፊደል የምለይ እኔ ስለሆንኩ ወረቀቱን ሰጡኝ። ፊደሉን ለየሁት፣ ቃሉን ግን ከየት አውቄው። ሥዕሎቹ ግልጽ ናቸው። በተለይ ቀለበቷን ለብቻዋ ስለዋታል፤ ጎኗ ላይ ነጭ ነጥብ፣ ከነጥቡ ወደ መኪናው አፍንጫ የሚሄድ ቀስት። ይህንን ብቻ ብናገር በቂ ነበር።

ግን ከጠዋት ጀምሮ ማንም አልሳቀም። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ዝም። አፌን አሳከከኝ። ወረቀቱን እንደ ዲያቆን ከፍ አድርጌ ይዤ «ዘንጉ ከመገጠሙ በፊት በለጋ ቅቤ ሦስት ጊዜ ይታሽ፣ ሲታሽም ማርያም ማርያም ይባል» ብዬ አነበብኩ።

ዘነበ ጾም መሆኑን አስታወሰ። ጋሽ በዳዳ መኪናዋ ክርስትና አልተነሣችም፣ ሂድና ግዛ አሉት። ጣሊያኖቹም ማርያምን እንደሚወዱ እሳቸው ራሳቸው ያዩት ነገር ነው አሉ። ዘነበ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዞ መጣ። ጋሽ በዳዳ እጅጌያቸውን ሰብስበው ዘንጉን አሹት፤ እስከ ክርናቸው ወዛ። «ማርያም ማርያም» ያሉት ግን ቀስ ብለው ነው፤ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በዚህ መሀል አቶ ዓምደ ሚካኤል ገባ። ምንድነው ይሄ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ በዳዳ ቀጥ ብለው ቆመው «ወረቀቱ ነው ያዘዘው» አሉት። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ፤ እሱ የተማረ ነው፣ ጣሊያንኛ ያነባል። ከዚያ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። መኪናው ውስጥ የተቀመጠውን ጓደኛውንም ጠርቶ አሳየው። የሳቁት በእኔ አይደለም፤ ቅቤ በተቀቡት ክንዶች ነው። እኔም መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ የጋሽ በዳዳን ፊት አየሁት።

እጃቸውን ረጋ ብለው በጨርቅ ጠረጉ። ወረቀቱን አራት ላይ አጥፈው ካፖርታቸው ኪስ ከተቱት፣ ሁለተኛ አይወጣም አሉ። እኔን ሰዎቹ እስኪሄዱ ጠብቀው ነው የጠሩኝ።

«ዲንሳ፣ ሠላሳ ዓመት በዚህ እጅ ስሠራ ማንም ስቆብኝ አያውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ስለዚች መኪና ሥራ አንዲት ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ። ከወጣች በዚህ በር አትገባም።»

ሌላ በር የለኝም። ይህን ግን ለሳቸው አልነገርኳቸውም።

ሰኔ 22፣ ቅዳሜ

ዘነበ መሣሪያ ሲፈልግ በጣቱ እያሳየ ነው የሚጠይቀኝ። ቅቤውን በቤንዚን አጠብኩት። ሽታው አለ።

ሰኔ 23፣ እሁድ

ዛሬ ቃል አልቆጠርኩም፤ የሚቆጠር አልነበረም።

ሐምሌ 3፣ ረቡዕ

አሥራ ሁለት ቀን ቀልድ ሳልቀልድ። በዘነበ ጫማ ውስጥ ግራሶ አላደረግኩም። የሱቁን ሰቦቃ ባለፍኩ ቁጥር «ቤትህ ተቃጠለ» እለው ነበር፤ አሁን ሰላም ብዬ አልፋለሁ። አሞሃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ሥራው ጥሩ እየሄደ ነው። የድሮውን ማርሽ ከመሪው ሥር ፈትተን አወጣን። ጋሽ በዳዳ መኪናዋ ሥር ተኝተው የሚፈልጉትን ይጠሩልኛል፣ እኔ አቀብላለሁ። ዛሬ ካቻቢቴ ስጠኝ አሉኝ። ደረታቸው ላይ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቁም። ከደረታቸው አንሥቼ ሰጠኋቸው፤ ክረምቱ ብርሃን አሳጣን አሉ። ሁለተኛ ፋኖስ አመጣሁላቸው። ልዩነት የለውም፣ መልሰው አሉ።

መነጽር ቢገዙ እንዴት እንደሚያምርባቸው ልነግራቸው ነበር። ዋጥኩት።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

የጋሽ በዳዳ ባለቤት እትዬ ዲንቄ ምሳ ይዘው መጡ። ከጎረቤታቸው ጋር በር ላይ ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ። ባላቸው ቤት ውስጥ ዕቃ ከቦታው ሲነሣ ይቆጣሉ፣ በርጩማውን እንኳ አታንቀሳቅሱ ይላሉ፣ ሲያረጅ ሰው ነገረኛ ይሆናል አሉ። ሁለቱም ሳቁ።

ጋሽ በዳዳ ያን ያህል አላረጁም።

ሐምሌ 14፣ እሁድ

ቤት ውስጥ መቀመጥ ስላቃተኝ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ከየካ በላይ በእንጨት ለቃሚዎቹ መንገድ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሴቶቹ ከቁመታቸው የሚበልጥ እንጨት ተሸክመው ይወርዳሉ። ድሮ ከኋላቸው ሄጄ አንድ ቅርንጫፍ መዝዤ እሮጥ ነበር። ዛሬ አንዷን ላግዝሽ ብላት ሸክሟን ጠበቅ አድርጋ ያዘችና «ይሄ የወርቄ ልጅ አይደለም? ወዲያ ሂድ» አለችኝ። የእናቴን ስም ያወቀ ሰው ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ። ስድቡን ትቼ ስሙን ይዤ ሄድኩ።

ላይ ስደርስ ጉም ነበር። ከተማው አይታይም፤ የመኪና ጥሩንባ ብቻ ከሥር ይሰማል። «ቱሉ» ብዬ ጮህኩ። ማንም እንዳልሰማኝ ዙሪያዬን አየሁ። አንድ በቅሎ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ።

ስወርድ የመኪናውን መንገድ ተከትዬ ወረድኩ። ከራጉኤል በታች ያለው ጠመዝማዛ ክፉ ነው፤ ውሃ አፈሩን በልቶታል። ጋሽ በዳዳ ካምቢዮውን ወይም ማርሹን የነካነውን መኪና ሁሉ፣ ሁለት ጆንያ አሸዋ ጭነው እዚህ ሳያወጡ ለባለቤቱ አይሰጡም። አቀበት የማያጋልጠው ሥራ የለም ይላሉ።

ነሐሴ 3፣ ዓርብ

ወለሉን ቀደድን። ዘነበ መጋዙን፣ እኔ መኪናዋን ያዝን። ቀይዋ ሆዷን ስትቀደድ ጥርሴን አመመኝ። ዘነበ «አመመሽ እንዴ እመቤት» አለኝ። ከሰኔ ወዲህ የቀለደብኝ የመጀመሪያ ቀልድ ነው። ደስ አለኝ።

ነሐሴ 20፣ ሰኞ

ይህንን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ዛሬ ጋሽ በዳዳ የነሐሷን ቀለበት ገጠሙ። ዘንጉ ውስጧ ያልፋል፤ ሁሉንም ነገር የምትይዘው እሷ ናት። ቀዳዳዋ መሀል ላይ አይደለም፣ ለዓይን በማይታይ ያህል ወደ አንድ ጎን ነው። ለዚህ ነው ሥዕሉ ላይ ነጥብና ቀስት ያደረጉላት። የድሮ ዕቃ ቢሆን ምልክቱ በመዶሻ የተወቀረ ነበር፤ ጋሽ በዳዳ በጣታቸው ያገኙታል። የዚህችኛዋ ግን ቀለም ነው፣ ልስልስ ብሎ የተቀባ ነጭ ቀለም። እጅ ላይ ምንም አይደለም።

ገለባበጡና አሿት። ሁለቱም ጎን አንድ ነው አሉ። ገጠሟት። ፋኖሱን ይዤ ጎንበስ ስል ነጩ ነጥብ ወደ እኔ ነው የሚያየው፤ ወደ መኪናዋ ኋላ።

አፌን ከፈትኩ። ጋሽ በዳዳ ትንፋሼን ሰምተው «ምን?» አሉ።

«ምንም» አልኩ።

ለምን እንዲህ አልኩ? አንድ፣ ስለዚች መኪና ቃል እንዳታወጣ ብለውኛል። ሁለት፣ ብናገር ሌላ ቅቤ ነው ብለው ያባርሩኛል። ሦስት፣ ወረቀቱን ካየሁት ሁለት ወር ሆኖታል፤ ቀስቱ ወደ ኋላም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ውሸት ነው። ቀስቱን አስታውሰዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ፋኖሱ ፊታቸው ነበር። ነጥቡ የምስር ፍሬ ያህላል። እንዴት አላዩትም?

ነሐሴ 22

ማርሹ ይገባል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ኋላ። ሁሉም ይገባል። ምናልባት ነጥቡ ጌጥ ነው።

ነሐሴ 25፣ ቅዳሜ

ሁለተኛው ማርሽ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ቀጭን ነው፤ ሌሎቹ «ድብ» ይላሉ፣ እሱ «ጥክ»። ዘነበን እየቀለድኩ መስዬ ጠየቅኩት። አዲስ ስለሆነ ነው አለ።

ነሐሴ 29

ዝናብ። እንጦጦ መንገዱ ተቆርጧል አሉ። አንድ የጭነት መኪና ተይዞ አደረ።

ጳጉሜን 2፣ ቅዳሜ

የአሸዋው ፈተና ቀረ። ዘነበ መኪናዋን እስከ ጉርድ ሾላ ነድቶ መለሳት። ሜዳ ነው፤ እንደ ቅቤ ሄደች አለ። ከዚያ አፉን ያዘ፤ ያን ቃል ጋራዡ ውስጥ ማንም አይጠራውም። ጋሽ በዳዳ አቀበቱ ሳይሞከር አልሰጥም አሉ። አቶ ዓምደ ሚካኤል መንገዱ እስከ ሐሙስ ይጠገናል፣ እናቴ ሦስት ወር ጠብቀዋል፣ በእጅዎ እተማመናለሁ አለ። በእጅዎ ሲል ክንዳቸውን ነካቸው። ሰኞ ውሰድ አሉት።

ጳጉሜን 3፣ እሁድ

ጋሽ በዳዳ ቤት ድረስ ሄድኩ፤ ስለ ነጥቡ ልነግራቸው። የሚያስገባኝ ዓረፍተ ነገር ስፈልግ በሩ ላይ ቆየሁ። «ጋሼ፣ ቀልድ አይደለም» ብዬ ብጀምር ቀልድ ነው ይላሉ። «ጋሼ፣ ተሳስተዋል» ብል ከዚያ በኋላ የት እሄዳለሁ? ነገ ጠዋት የሚከፈት በር፣ የሚጠራኝ ድምፅ፣ ምሳ ሰዓት ላይ የምቀመጥበት ጎማ። ያለኝ ይኸው ነው።

በተከፈተው መስኮት አየኋቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ውሃው እንስራ ሄዱ። አራት እርምጃ። እጃቸው ቀድሟቸው ይሄድ ነበር፣ እንደዚህ ዘርጋ ብሎ። በጠራራ ቀን።

ተመለስኩ።

ጳጉሜን 4፣ ሰኞ

ወሰዳት። ጥሩንባውን እያስጮኸ።

መስከረም 2 ቀን 1956፣ ዓርብ

ትናንት ሳይነጋ ተነሥቼ በእንጨት ለቃሚዎቹ መንገድ ወጣሁ። ከራጉኤል በታች ያለው ጠመዝማዛ ጋ ቆምኩ። ነጭ የለበሰ ሕዝብ በጎኔ ያልፋል፤ ልጆች አደይ ይዘዋል። ሁሉም እንኳን አደረሰህ ይሉኛል። ሰው ሁሉ አናገረኝ፤ ከአንዱም ጋር አልነበርኩም።

ቀይዋ መጣች። መንገዱ መሀል ገብቼ ሁለት እጄን አወናጨፍኩ። «አቁሙ፣ በሁለተኛ አይውጡ» ብዬ ጮህኩ። አቶ ዓምደ ሚካኤል አወቀኝ። ሳቀ፤ በጣቱ እኔን ለእናቱ አሳያቸው። ባለቅቤው ልጅ ነው ሳይላቸው አልቀረም። ወይዘሮ የማርያምወርቅም በመስኮት እጃቸውን አውለበለቡልኝ። በጎኔ ዞሮ አለፈ።

ጠመዝማዛው ላይ ማርሽ ቀየረ። «ጥክ»። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን ቆመች። ማርሹ ወጥቷል። ቀጥሎ ወደ ኋላ መጣች። ፍሬን ያዘ፣ ጭቃው አልያዘለትም። ሰው እየጮኸ ተበተነ። ባሕር ዛፉ አቆማት እንጂ ከሥሩ ገደል ነው።

ስደርስ እሱ ደህና ነበር። እናቱ ግራ እጃቸውን አቅፈዋል። አንጓቸው ተሰብሯል። አልጮሁም። «አንተ ልጅ፣ ያን ጊዜ ሰላም እያልከን አልነበረም» አሉኝ።

እስከ ወጌሻው ቤት ተሸክሜያቸው ወረድኩ፤ እንደ ልጅ ይቀላሉ።

መስከረም 3፣ ቅዳሜ

በጭነት መኪና ጎትተው ጋራዡ አመጧት። ኋላዋ ተጨርምቷል። አቶ ዓምደ ሚካኤል ወለሉን አስከፈተ፤ የፈታው ዘነበ ነው። ቀጥሎ ወረቀቱን አምጡ አለ። ጋሽ በዳዳ ከካፖርታቸው ኪስ አውጥተው ሰጡት። አነበበው።

ነጩ ምልክት ወደ ፊት ይላል አለ። ይሄ ወደ ኋላ ነው። ማነው የገጠመው?

ዘነበ መሬት መሬት አየ። የሰፈሩ ሰው በር ላይ ተሰብስቧል። ጋሽ በዳዳ እኔ ነኝ አሉ። አቶ ዓምደ ሚካኤል ቀለበቷን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው። «ታዲያ ይሄንን አላዩትም?»

ጋሽ በዳዳ ቀለበቷን ያዟት። ፊታቸውን ወደ እሷ አዘነበሉ፤ ዓይናቸው ግን ከእሷ በላይ የሆነ ቦታ ነበር። አውራ ጣታቸው ዙሪያዋን ሄደ። ነጩ ቀለም ላይ አለፈ። ተመልሶ መጣ፣ እንደገና አለፈበት። አልቆመም። ሦስተኛ ጊዜ ሊዞር ጀመረ። በር ላይ ካሉት ሰዎች አንዱ ለጎረቤቱ የሆነ ነገር ሊያንሾካሹክ ጎንበስ ሲል አየሁ።

«እኔ ነኝ የገለበጥኳት» አልኩ። «ጋሼ ልክ ገጥመዋት ነበር። ሲወጡ ፈትቼ አዞርኳት። ለቀልድ።»

ያመነኝ ሰው ብዛት። ማንም «አይሆንም» አላለም። ማንም «መቼ?» አላለም። ዘነበ አውቄ ነበር አለ። ሰቦቃ ከሱቁ ድረስ መጥቶ ራሱን ነቀነቀ። ለዚህ ነው አዲስ ዓመት ጠዋት መንገድ ላይ የጨፈርከው አለና አቶ ዓምደ ሚካኤል በጥፊ መታኝ። ፖሊስ አልጠራም፤ እናቴ ልጁን እንዳትነካው ብለው አስምለውኛል አለ። ጥፊው ከመሐላው ውጭ መሆኑ ነው።

ጋሽ በዳዳ ቀለበቷን ይዘው እንደቆሙ ነበሩ። እጃቸው የሠራውን ያውቃሉ። የገጠሟት እሳቸው፣ ከዚያ በኋላ ማንም እንዳልፈታት የሚያውቁ እሳቸው። ጠበቅኳቸው። አንድ ነገር እንዲሉ ፈልጌ እንደሆነ፣ እንዳይሉ ፈልጌ እንደሆነ አላውቅም።

«ውጣ» አሉኝ።

በስሜ እንኳ አልጠሩኝም።

መስከረም 9፣ ዓርብ

ጉርድ ሾላ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ሥራ አገኘሁ። ጎማ እነፋለሁ፣ ቀዳዳ እለጥፋለሁ። ጌታዬ ጆሮው ከባድ ስለሆነ አያወራም። በውሃው ገንዳ ውስጥ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ አረፋ ሲወጣ አያለሁ። ይህ ነው ወሬው።

መስከረም 17

ትናንት ደመራው ላይ ሰው ሁሉ ከሰው ጋር ነበር። ዘነበን ከሩቅ አየሁት። ጎንበስ አልኩ፣ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ። ጫማዬ ክር የለውም።

መስከረም 26

አንዳንዴ ዕውነቱን ለአንድ ሰው ብነግር እላለሁ። ለማን? ደብተሯ ታውቃለች። ከዚያ ደግሞ፣ ነሐሴ ሃያ ቀን አንዲት ቃል ተንፍሼ ቢሆን የምነግረው ዕውነትም አይኖርም ነበር። የአሮጊቷ እጅ አይሰበርም ነበር። ጀግና መሆን አያምርብኝም። ሌባ ነኝ፤ የሰረቅሁትን ዘግይቼ የመለስኩ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጋሽ በዳዳ መጡ። ከየካ ጉርድ ሾላ በእግራቸው፣ መንገድ እየጠየቁ። ዱላ ይዘዋል። ጎሚስታው ጋ ሲደርሱ «እዚህ ዲንሳ የሚባል አለ?» ብለው ጠየቁ። የጠየቁት እኔን ነው። ሁለት ክንድ ራቅ ብዬ ነበር የቆምኩት።

«አለ» አልኩ።

ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸው ወደ እኔ ዞረ። ጎማ ላይ አስቀመጥኳቸው። ጌታዬም አይሰማ፣ መኪናው ያልፋል።

«ነጩን አይተኸው ነበር?» አሉኝ።

«አይቼው ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የገጠሙ ዕለት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያን ቀን ‹ምን?› ብዬ ጠየቅኩህ፣ ‹ምንም› አልከኝ» አሉ። ቀጥለው «ዝም ያሰኘሁህ እኔ ነኝ» አሉ። አይደለም ልል ነበር። ነው ልልም ነበር። የያዝኩትን ጎማ መንፋት ቀጠልኩ፤ ሞልቶ ነበር።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ቤት ሄደው ሁሉንም እንደነገሩት አወሩልኝ። ዓይናቸውንም፣ ቀለበቷንም። በወይዘሮ የማርያምወርቅ ፊት። እሱ ሲቆጣ አሮጊቷ ለጋሽ በዳዳ ወንበር አስመጡላቸው አሉ። ጋራዡን ለዘነበ ለቀቁለት። ዘነበ ይጥራህ አይጥራህ አላውቅም፣ የኔ ቃል እዚያ ቤት አልቋል አሉኝ። ስለዚህ በውሸቴ ለሳቸው ያቆየሁት በር የለም፤ ለራሴም የለም። ይህንን ሲነግሩኝ ማዘን ነበረብኝ። የተሰማኝ ግን ሌላ ነው፤ አንድ ሰው በእግሩ ሁለት ሰዓት ሄዶ እኔን ፈልጎ መምጣቱን ብቻ ነው ያሰብኩት።

ሲመሽ ልሸኛቸው ተነሣሁ። ዱላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው በቀኝ ክንዴን ያዙ። ሲመሽ ጨርሶ አይታየኝም አሉ፤ ይህን ለእትዬ ዲንቄ እንኳ የነገሩት ባለፈው ሳምንት ነው። ድንጋይ ሲኖር ድንጋይ እላለሁ፣ ጭቃ ሲኖር ጭቃ። እሳቸው ግን ቃሌን ሁሉ በዱላ እየነኩ ያረጋግጡታል። አልተቀየምኩም፤ እኔም ብሆን እንዲያው ነበር የማደርገው።

«ድሮ ቢሆን ጉድጓድ በሌለበት ታዘልለኝ ነበር» አሉኝ።

«አሁንም አስቤው ነበር» አልኩ።

ከት ብለው ሳቁ። መንገድ ላይ ቆመው ሳቁ። ከሰኔ ወዲህ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም፤ ያሳቅኳቸውም ዕውነት በመናገር ነው።

ከየካ ወንዝ ወዲህ፣ ውሃው መንገዱን የቆረጠበት ቦታ ደረስን። ጨልሟል። ቦዩ ጠባብ ነው፣ ግን ጥልቅ ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቦይ አለ። ሰፋ አድርገው ይርገጡ» አልኳቸው።

በዱላቸው አልፈለጉትም። በእግራቸውም አልዳበሱም። ሰፋ አድርገው ረገጡ።